የአጎቴ በቅሎና የፈረንሳይ ትምህርቴ

ፈረንሳይ አገር ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ገበያ ተምሬያለሁ። ገበያ ግን ወጥቼ አላውቅም። ጢማሙ የኢኮኖሚ አስተማሪያችን «ዋጋ የሚቆረጠው ሁሉ እያየ፣ ሁሉ እየሰማ ነው» ይለን ነበር። እኔም ሞኙ አመንኩት።

ዲግሪዬን ልይዝ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ለዕረፍት አዳማ መጣሁ። አጎቴ ከብት ተራ ይዞኝ ወጣና «ጨው ገዝቼ እስክመለስ በቅሎዋን ያዝልኝ» ብሎኝ ሄደ። በሱፍ ልብሴና በባርኔጣዬ ገመድ ይዤ ተገተርኩ።

አንድ የአርሲ ነጋዴ «አካም ጅርታ!» ብሎ እጄን ያዘና ኩታውን ጣል አደረገበት። ከኩታው ሥር ሦስት ጣቶቼን ጨመቅ አደረጋቸው። ያገሬ ሰላምታ እንዴት ይሞቃል! እኔም አምስቱንም ጣቶቹን ጭብጥ አድርጌ ያዝኩ።

«ኧረ አላህን ፍራ!» አለኝ።

«እፈራለሁ እንጂ!» ብዬ ይበልጥ ጨበጥኩት።

አራት ጣቴን ያዘ። እኔ አሁንም አምስቱን አለቅም አልኩ። በመጨረሻ በረጅሙ ተነፈሰና ብር የሞላ ከረጢት አስታቅፎኝ በቅሎዋን እየጎተተ ሄደ።

«ምን ሆኖ ነው?» ብዬ አጠገቤ የቆመውን ሰው ጠየቅሁት።

«በጣት ተዋዋላችሁ እኮ! አንድ ጣት አሥር ብር ነው። አንተ ከሃምሳ ንቅንቅ አልል አልክ።»

አጎቴ ሲመለስ እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። እሱ ግን ከረጢቱን በእጁ መዘን አደረገና ዙሪያውን ቃኘ።

«ይህችን ተራጋጭ ሦስት ገበያ አውጥቻት ሃያ ብር የሰጠኝ የለም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቅዳሜ ደግሞ ላሟን ይዘህ ትወጣለህ። ታዲያ አደራህን፣ ስለ ትምህርትህ ለማንም እንዳትናገር!»