ለእኔ የተተወ ስንኝ

የልጅ ልጆቼ ካላወራሽ ብለው ያዙኝ። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ሙዚቃና ሥዕል የክበብ ልጆች ብቻ መሆኑ ቀርቶ ዘንድሮ ለሁሉም ተማሪ ሆኗል። ክራር ተሸክመው መጡና፣ «እማዬ፣ አንቺ ሳትማሪ ዘፈን የት ለመድሽ? ንገሪን፣ እንጽፈዋለን» አሉኝ። ይጻፉት እንግዲህ።

በልጅነቴ ዲላ አጠገብ፣ ጪጩ፣ ቡና ማጠቢያው ጋ ለቃሚ ነበርኩ። እርጥቡ ቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ የተበላሸውን ፍሬ እየመረጥን እናወጣለን። የኅዳር ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ቡናው እንዳይሰነጠቅ ሸራ ይለብሳል፤ እኛም እናርፋለን። ሌሎቹ ጥላ ሲፈልጉ እኔ ቆጮዬን እየገመጥኩ ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር እሄዳለሁ። የእንሰቱ ቅጠል ይንሿሿል፤ ከግቢው ውስጥ የሙዚቃ መምህሩ ክራርና የልጆቹ ዘፈን ይመጣል። ዘፈኑ በአማርኛ ነው፤ እኔ ያኔ ከአገሬ ቋንቋ ከጌዴኡፋ ሌላ የማውቀው የገበያ ቃል ብቻ። ያም ሆኖ ዜማው ከኋላዬ ተከትሎኝ ይመጣል፤ እስከ ማታ እጄ ቡና ይለቅማል፣ እኔ ሌላ አገር ነኝ።

አንድ ቀን በለጡ፣ የባለሱቁ ልጅ፣ አየችኝ።

«አጥር ጠባቂ ተቀጠርሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ያንኑ የሰማሁትን ዘፈንኩላት። ሳቋን ትታ እጄን ይዛ መምህሩ ዘንድ ወሰደችኝ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና፣ «ድምፅሽ መልካም ነው፣ ልጄ። ስምሽ ግን የተማሪ መዝገብ ላይ የለም» አሉኝ። ለወላጆች ቀን መድረክ የሚወጣው የተመዘገበ ብቻ ነው አሉ። አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ሰው ፊት ብዘፍን ብዬ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። በለጡ ግን በየእረፍቱ እየመጣች የቃሉን ትርጉም ታስረዳኝ ጀመር፤ በተለይ ብቻዋን የምትዘፍነውን የመጨረሻውን ስንኝ።

ቀኑ ደረሰ። ቡናውን ሸራ አልብሼ እየሮጥኩ አጥሩ ጋ ቆምኩ። በለጡ ለመጨረሻው ስንኝ ወደ ፊት ወጣች፣ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ገጠመችው። ክራሩ ዞሮ ስንኙ ጋ መጣ፤ እሷ ዝም። ልጆች ተንሾካሾኩ። አባቷ አንገታቸውን ደፉ። ረሳችው፣ ጉድ ሆነች ብዬ ሳዝን፣ ስንኙ ከአፌ ወጥቶ አገኘሁት። ሰው ሁሉ ወደ አጥሩ ዞረ። መምህሩ አልከለከሉኝም፤ ክራራቸው እስከ መጨረሻው ተከተለኝ።

ከዚያ ወዲያ ለበለጡ ብቻዋን የምትዘፍነው ስንኝ አልተሰጣትም፤ አባቷም አሳፈርሽኝ እያሉ ከረሙ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ፣ ያን ቀን እኔ ከዚያ ጉድ ባላወጣት ኖሮ እያልኩ ስኩራራ ኖርኩ።

አርጅተን ዲላ፣ የበለጡ ልጅ ሠርግ ላይ ይህንኑ ለራሷ ባወራላት፣ ጉልበቷን እያሸች ሳቀች።

«አንቺ ሞኝ፣ እኔ ምኑን ረሳሁ? ላንቺ ብዬ ተውኩት እንጂ። ሳትጀምሪ እንዳትቀሪ ነበር የፈራሁት።»