ለዳንስ የተላከ ሽማግሌ

ማዳም ነበር የምንላት፤ ድሬ ላይ ፈረንጅ ሴት ሁሉ ማዳም ናት። አገሯ ፖላንድ ነው። በደርግ ጊዜ ባሏ የፋብሪካ ማሽን ሊተክል ሲመጣ ተከትላው መጥታ ከዚራ ተቀመጠች። ቀበሌም የወዳጅ አገር ሰው ናት ብሎ አይነካትም። እኔ ልብስ አጥብላት ነበር። ከዚራን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀትር ላይ እንኳ ዛፉ ጃንጥላ ነው፣ ሌላው ሰፈር ሲጠበስ... ምን አስረዘመኝ፣ ወደ ነገሬ ልመለስ። ልጄን ይዣት እሄዳለሁ፤ ማዳም የበረንዳውን ብረት አስይዛ እግር ማንሳት፣ ጣት ላይ መቆም ታስተምራታለች። ልጄ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ እንኳ አንገቷ ቀና ብሎ ሌላ ሆነ።

ባለቤቴ ባቡር ነጂ ነው። ሰማና፣ "ልጄ ሰው ፊት እግሯን አታነሣም! ሁለተኛ እዚያ ቤት እንዳትረግጥ" አለ። ልጅቷ እህል አልቀምስ አለች። ማዳምም ተጨንቃ፣ "በእናንተ አገር የሰው ልጅ ሲፈለግ አባት እንዴት ይለመናል?" ብትለኝ፣ "ሽማግሌ ይላካላ" አልኳት። እንዲያው አፌ ላይ የመጣልኝን ነው።

እሁድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌ በራችን ላይ! ፊት የቆሙት ሶማሌው ባለሱቅ ናቸው፣ ሀጂ የምንላቸው። ባለቤቴ ቀልቡ ተገፈፈ።

"ሀጂ፣ ልጄ እኮ ገና ሕፃን ናት! ለማን ነው ደግሞ?"

"አቦ ተረጋጋ! ለትዳር ነው ያለህ ማነው? ለዳንስ ነው።"

እኔ ጓዳ ገብቼ አፌን በነጠላዬ አፈንኩ። እሱ ግን የመጣው ሽማግሌ ነውና ወጉን አልተወም። "የላከቻችሁ ማዳም ዘሯ ምንድን ነው? ሙያዋስ?" አለ ኮስተር ብሎ።

ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አባቷ ጫማ ሰፊ ነበር። በልጅነቷ ለዳንስ ትምህርት ቤት ሰጣት። ጦርነት መጥቶ ከተማዋን አፈረሰው፤ ጣሪያ በሌለው አዳራሽ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተማረች። ኋላ በትልቅ መድረክ ስትሽከረከር ሰው ቆሞ አጨበጨበላት። ጉልበቷ ሲጎዳ እንኳ አላለቀሰችም፤ ማስተማር ያዘች።"

"አልቅሻለሁ!" የሚል ድምፅ ከአጥሩ ውጭ መጣ። ለካ ማዳም እዚያ ቆማለች።

"አይ ማዳም! ላኪ ከሽማግሌ ኋላ ይመጣል እንዴ?" ብለው ሀጂ ተቆጡ።

ባለቤቴ አስገባት። ያኔ ነው የሆዱን ያወጣው። "እናንተ ነገ ወደ አገራችሁ ትሄዳላችሁ። ልጄን አስለምደሻት ጥለሻት ብትሄጂ ማን ያባብልልኛል?"

ማዳም በተሰባበረ አማርኛዋ፣ "እሄዳለሁ። አልዋሽም። የኔን አስተማሪ ጦርነት ወሰዳት። ግን ዛሬም ትከሻዬ ሲጎብጥ 'ቀና በይ!' ትለኛለች" አለችው።

ባለቤቴ፣ "እስቲ የምታስተምሪያትን አሳዪኝ" አለ።

ግቢያችን የሚያዝ ብረት የለውም። ትከሻውን ያዘችና፣ "ባቡር ነጂ፣ እንዳትነቃነቅ!" አለችው። ያ ሁሉ ስለ እግር የፎከረ ሰው፣ ጉልበቷን የታመመች ሴት እንዳትወድቅበት ትንፋሹን ውጦ እንደ ምሰሶ ቀጥ አለ። ዓይኑን ግን ሰማይ ላይ ሰቀለ። እግሯ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ቀስ ብሎ ወረደ። ልጄ በሩ ሥር ቆማ እጇን አብራ ታነሣለች።

"ጨረስሽ?" አላት ሰማዩን እያየ።

"ጨረስኩ።"

ላቡን ጠረገ። "ሰኞ በስንት ሰዓት ልላካት?"