ኤንትሬዋ ከበሩ ካልወጣች

አባቴ ለአሮጌ ብረት ነጋዴው ቃላቸውን ሰጥተውት ነበር፤ እስከ ሐሙስ ድረስ የጭነት መኪናችን ኤንትሬ በራሷ ሞተር ከግቢያችን በር ካልወጣች ቆራርጦ ይወስዳታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቡሬን በርበሬ የጫኑባት፣ እኛንም ያሳደጉባት መኪና ናት። ዓይናቸው ሲደክም አቆሟት፤ ዶሮዎቻችንም ጋቢናዋን እንቁላል መጣያ አደረጉት።

መካኒክነት ተምሬ ፍኖተ ሰላም ጋራዥ እሠራ ስለነበር፣ ፈቃድ ጠይቄ መንደር ገባሁና ከመኪናዋ ሆድ ሥር ተወሸቅሁ። "አባዬ፣ ቀለም ቀብቼ አዲስ ላስመስላት?" ብላቸው፣ "ለሠርግሽ ነው ወይስ ለሥራ? ሂጂ ስትባል ትሂድ፣ ቁሚ ስትባል ትቁም፤ ሌላው ትርፍ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዝገቱን ትቼ ፍሬኑን ሦስት ጊዜ ፈታትቼ ገጠምሁ፤ የናፍጣ ፖምፓውን አጠብሁ፤ የተሰበረውን የጎን መስታወት በጣውላ ደፈንሁት።

ሐሙስ ጠዋት ሞተር አስነሺው ሞተሪኖ እምቢ አለ። ቁልፉን ባዞር ባዞር ጭጭ! በንዴት ጎማውን በእርግጫ ብመታው የታመመው የእኔው እግር ነው። በጎረቤታችን ማሳ ላይ ደቦ ወጥቶ ጤፍ እየታጨደ ነበርና እየሮጥሁ ሄጄ እንዲገፉልኝ አጫጆቹን ለመንኋቸው። ማጭዳቸውን ጥለው እየዘፈኑ መጡ።

እኔ መሪው ላይ ተቀመጥሁ፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። ሆ! ብለው ገፏት፤ ነጠቅ ነጠቅ አደረጋትና ጠፋች። ደገሙ፤ አሁንም ጠፋች። ይህን ጊዜ ነጋዴው መጋዝ የያዙ ሰዎች አስከትሎ ደረሰ። በእኛ አገር ግን ደቦ አይቶ እጅን አጣጥፎ መቆም ነውር ነው። "በርቱ!" አለና ኮቱን አጥሩ ላይ ሰቅሎ፣ ከነሰዎቹ ትከሻውን ሰጠ።

ፍጥነት ስትይዝ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ለቀቅሁ። እህ እህ ብላ ሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ከዚያ አገሳች! ዶሮው ተበተነ፤ ገፊዎቹ ወደ ኋላ ቀሩ፤ እኔም እየጮህሁ በበሩ ወጣሁ። እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም።

"ተገፍታ ነው እንጂ መች በራሷ ወጣች!" አለ ነጋዴው።

"በሩን ስታልፍ እጅህ የት ነበር?" አሉት አባቴ።

ጥላሸት የለበሱ መዳፎቹን አየ። "ወገቤ ላይ" አለና ሳቀ፤ ደቦው ሁሉ አብሮት ሳቀ።

ሞተሯ እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ ከመሪው አልተነሳሁም። አባቴ የመኪናዋን ጎን እየዳበሱ መጡና እንደ ልማዳቸው የሾፌሩን በር ከፈቱ። ወንበራቸው ላይ እኔ ነበርሁ። ልወርድላቸው ብድግ አልሁ። ትከሻዬን ይዘው መልሰው አስቀመጡኝ፤ በወዲያ በኩል ዞረውም ገቡ።

"እዚህ ጋ ተቀምጬ አላውቅም" አሉ። "በይ፣ ወደ ቡሬ ንጂ።"