ለቤተ መጻሕፍት የተሰጠው ጥራዝ

ይህችን ሴት በደንብ አውቃታለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። የማውቀው ፎቶ ኮፒና ጥረዛ ወደምሠራበት ሱቅ ስትመላለስ ያየሁትንና ወንድሟ የነገረኝን ብቻ ነው። የሚያውቃት ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር።

ኬሚስት ናት። ታናሽ ወንድሟ ከሱቄ አጠገብ ብየዳ ቤት አለው። ባደጉበት ሰፈር የጉድጓዱ ውኃ ጥርስ ያበልዛል፤ እሱ ዛሬም ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። እሷ ጥርስ አበላዡን ማዕድን ከውኃው የሚያስቀር ዱቄት ቀመመች፤ እሱ ማጣሪያውን በየደላት። ሲሞክሩት ሠራ።

«በቃ፣ ድርጅቱን እንክፈት» አላት።

«ለምን እንደሚሠራ ሳላውቅ ለሰው አልሸጥም። መጀመሪያ ዶክትሬቴን ልያዝ።»

«እትዬ፣ አንቺ ዶክተር እስክትባይ ጥርሴ ረግፎ ያልቃል እኮ!»

«ያኔ መበለዙ ይቀርልሃላ!»

አምስት ዓመት ፈጀባት። በሁለተኛው ዓመት ዱቄቱ ከሦስት ወር በኋላ የያዘውን ሁሉ መልሶ ወደ ውኃው እንደሚለቅ ደረሰችበት። ወንድምየው ይህን ሲሰማ ክው አለ፤ ከዚያ ወዲህ አልነዘነዛትም። ቀመሩን አስተካክላ ጥናቱን ጨረሰች። አምስት ቅጂ ጠረዝኩላት። በሽፋኑ ላይ ስሟን በወርቃማ ቀለም ሳትም እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። አንዱ ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ ቀመሩም እስከ መጨረሻዋ ግራም ውስጡ ነበር።

የፈጠራ ባለቤትነት መብት ለማግኘት ያመለከተችው ከዚያ በኋላ ዓመት ከአራት ወር ቆይታ ነው። አስቀድመሽ አመልክቺ ያላት ሰው አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀችም። መልሱን ወንድሟ አምጥቶ አሳየኝ። «ቀመሩ ቀድሞ ለሕዝብ የተገለጸ ስለሆነ አዲስ አይደለም» ይላል። ለማስረጃ የተያያዘው ከራሷ ጥራዝ የተቀዳ ገጽ ነው።

«እትዬን የረታት የገዛ መጽሐፏ ነው» አለኝ። ያን ቀን አልሳቀም።

አብሯቸው ሊሠራ የነበረው ባለሀብት ማንም ሊቀዳው የሚችለውን ነገር አልይዝም ብሎ ቀረ። አሁን አንድ ትልቅ ፋብሪካ በእሷ ቀመር ማጣሪያ እየሠራ ይሸጣል። ሕግ አልጣሰም። እሷ ኮሌጅ ታስተምራለች።

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ማስታወሻ ልታስጠርዝ መጣች። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው ስላልነበረ እንደምንም ደፍሬ ጠየቅኳት።

«ዶክተር፣ ያኔ ወንድምዎን ሰምተው ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር ይላሉ?»

የወረቀቱን ጠርዝ በመዳፏ ደጋግማ አስተካከለች።

«ጋሼ፣ እሱን እንኳ አይጠይቁኝ» አለችኝ።