ከወንበሩ በፊት የወጣው ጠርሙስ

በጥርስ ክሊኒኩ ጓዳ ያለችው ትንሽ ምድጃ ዛሬም ከቦታዋ አልተነሳችም። እትዬ ቅርንፉድ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለአፍ መጉመጥመጫ ጦስኝና ቅርንፉድ ያፈላችው እሷ ላይ ነው። ቅጽል ስሙም የወጣላት ሽርጧ ከሩቅ ስለሚሸት ነበር።

የድሮው ሐኪም፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አንድ ሕግ ነበራቸው። ድዱ የሚደማ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ጥርሱ ሥር የደነደነው ቆሻሻ ይፋቃል፤ የመጉመጥመጫው ጠርሙስ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

«አደራሽን፣» ይሏት ነበር፣ «ቅጠሉ አጋዥ ነው። ብቻውን የሚያድን እንዳይመስልሽ።»

ያንን ሕግ አንዴ ጥሳለች፤ ለባሏ ብላ።

ባሏ ትረምፔት ነፊ ነበር። ሺህ ሰው ፊት ደረቱን ነፍቶ የሚቆም ሰውዬ የሐኪም ወንበር ሲያይ ወደ በሩ ያፈገፍጋል። ድዱ መድማት ሲጀምር «እዚያ ላይ ከምወጣ ብትቀብሪኝ ይሻላል» አለ። አንጀቷን በላትና ጠርሙሱን በቦርሳዋ ይዛለት ሄደች። በሳምንቱ ደሙ ቆመ። «ሐኪሜ ሚስቴ ናት!» እያለ ለጎረቤት ሁሉ አወራ። ደስ አላትና ጠርሙሱን ደግማ ሞላችለት። ጠርሙሱም ዓመት ሙሉ ተመላለሰ።

አንድ ማለዳ ሲለማመድ የትረምፔቱ ድምፅ መሃል ላይ ተቆረጠ። የፊት ጥርሱን በጣቱ ነካ ቢያደርገው ተነቃነቀ። ትረምፔቱን ጭኑ ላይ አጋድሞ «አበቃልኝ» አለ። ያን ቀን አልቀለደም።

እየጎተተች ወሰደችው። ሐኪሙ አፉን አይተው ቀና አሉ።

«ደሙ ቆሟል፤ ከሥር ግን ቆሻሻው ሲበላው ከርሟል። ማነው መጉመጥመጫ የሰጠው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።» መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ ኋላ አጋደሙት። ከዚያ «በይ እጁን ያዥለት» አሉ።

«ሐኪም፣ ቀስ ይበሉ፤ ይቺ ሴት ገና ትፈልገኛለች» አለ ባሏ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

«አፍህን ክፈት እንጂ አታውራ!»

ቆሻሻው ተፍቆ እስኪያልቅ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። አንድ የጎን ጥርስ ተነቀለ፤ የፊቶቹ ቀስ በቀስ ያዙ። ጠርሙሱን ያኔ ሐኪሙ ራሳቸው ሰጡት። ከወራት በኋላ ክሊኒኩ ጓዳ ገብቶ ምድጃዋ አጠገብ ነፋ፤ እንደ ድሮው ባይጮህም አልተቆረጠም። ሐኪሙ መሣሪያቸውን አስቀምጠው በር ላይ ቆመው ሰሙት።

ዛሬ ባሏም ሐኪሙም በሕይወት የሉም፤ ወንበሩ ላይ የሚሠራው ሌላ ሐኪም ነው። ትናንት አንድ ሽማግሌ «እትዬ፣ ወንበሩ ይቅርብኝና ጠርሙሱን ብቻ ስጪኝ» ብለው ለመኗት። ምድጃዋን አጠፋችና እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«መጀመሪያ ወንበሩ፣ አባባ። እጅዎን እኔ እይዝልዎታለሁ።»