ከሚፈርስ ቤት ግድግዳ ላይ የተላጠው ቁጥር አንድ

ዶዘሩ ሞተሩን አስነስቶ ደጅ ቆሟል። እኔ ውስጥ ሆኜ በእርጥብ ጨርቅ እያራስኩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት እልጣለሁ። ዛሬ ጠዋት፣ ከሆሳዕና ወጣ ብላ ባለችው ጊምቢቹ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆሳዕና የማስተምርበት ትምህርት ቤት ድሮ በየወሩ የእንግሊዝኛ መጽሔት በስቴንስል እያባዛ ያወጣ ነበር። ታሪኩን ልጽፍ ስነሳ ሌላው እትም ሁሉ ተገኘ፤ ቁጥር አንድ ግን የለም። እዚሁ ፌስቡክ ላይ አፈላልጉኝ ብዬ ነበር።

ዛሬ በማለዳ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። "ቲቸር፣ የሚፈልጉት መጽሔት እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ግን ቤቱ ለመንገድ ሥራ ዛሬ ይፈርሳል።"

ስደርስ የቤቱ ዕቃ ወጥቶ ደጅ ተከምሯል። የዶዘሩ ኦፕሬተር "ቶሎ በሉ፣ አለቃዬ እየደወለ ነው!" ይላል።

የድሮ ሰው በዱቄት ሙጫ የሚለጥፈው ለዘላለም ነው መሰለኝ፣ ወረቀቱ ከነጭቃው ነው የሚመጣው። ሽፋኑ ወጣ። ሁለተኛው ቅጠል እጄ ላይ ተቀደደ። የመጨረሻውን ስስብ ኦፕሬተሩ ክላክስ አደረገ።

"ተገኘ!" እያልኩ ሮጬ ወጣሁ።

የተማሪዬ እናት እትዬ ላቀች ደጅ በወጣው ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ቤታቸውን ያያሉ። ዞር አሉና፣ "መምህር፣ ለወረቀቱስ ከሆሳዕና ድረስ ሰው መጣለት። ለቤቴ ማን መጣ?" አሉኝ።

ጣሪያው ሲወድቅ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ቁጥር አንድ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ላነበው አልቻልኩም።

እናንተስ፣ ያደጋችሁበት ቤት ግድግዳ ላይ ምን ተለጥፎ ነበር? ቤቱስ አለ?