ከማጉያው ውስጥ የእኔ የቱ ነው?

ታላቅ እህቴ በቦምቤ ከተማ ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች። በወላይትኛ የሚተላለፈው የሬዲዮ ትምህርት ሰዓቱ ሲደርስ ልጆቹን ዝም አሰኝታ ሬዲዮውን ትከፍታለች፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚወጣው ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ያኔ ለእኔ ትደውላለች። እኔ ሶዶ በሚገኝ የቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ፤ የሶዶን ስርጭት ተቀብላ ወደ ቦምቤ የምታስተላልፈውን ትንሽ ማቀባበያ ጣቢያ የምጠግነውም እኔ ነበርኩ።

«ዛሬም ሞተ» ትለኛለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

የሚሞተው ሁልጊዜ አንድ ዕቃ ነው፤ የሬዲዮውን ሞገድ አጉልቶ ለአንቴናው የሚሰጠው ማጉያ፣ በተለይ ውስጡ ያለው ትራንዚስተር። መብራት ሲደክም፣ ማለት ቮልቴጅ ሲወርድ፣ ትራንዚስተሩ ጠባዩን ይለውጣል። ከአንቴናው ጋር የነበረው ስምምነት ይዛባና መውጣት የሚገባው ኃይል ወደ ኋላ ተመልሶ ራሱን ያቃጥለዋል። ሌላ ትራንዚስተር ከአዲስ አበባ አስመጥቼ፣ በሚኒባስ ቦምቤ ወርጄ፣ በይጄ እመለሳለሁ። መብራቱ እንደገና ይደክማል። ቮልቴጁን የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር አስገባሁ፤ እሱም አብሮ ተቃጠለ።

መፍትሔው የመጣልኝ ለተማሪዎች የመለኪያ ልምምድ ሳዘጋጅ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ትራንዚስተሮች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ ቮልቴጁን ዝቅ ባደረግሁ ቁጥር ሁለቱም እኩል ይለወጣሉ። ይህን ማንም የሙያው ሰው ያውቃል። ያን ቀን ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። አንደኛው ምንም ሳያጎላ ከሌላው ጎን በተቃራኒ ቢገባስ? አንዱ ወደዚህ ሲያዘነብል ሌላው ወደዚያ እየሳበ ስምምነቱን ይጠብቅ ይሆናል።

ሠርቼ ቦምቤ ተከልኩት። ዝናቡ መጣ፣ መብራቱም እንደ ልማዱ እየደከመ እየበረታ ሰነበተ። እህቴ ሳትደውል ስትቀር ጨነቀኝና እኔው ደወልኩ። ከኋላዋ ከሬዲዮው ጋር የሚዘምሩ ልጆች ድምፅ ይሰማኛል። ትምህርት ላይ ነኝ፣ በኋላ ደውል ብላ ዘጋችብኝ።

ባልደረቦቼ ፓተንት፣ ማለት የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አውጣበት ይሉኝ ጀመር። ከሁሉም የባሰችው እህቴ ነበረች፤ ሌላ ሰው ሳይቀድምህ ተነሥ እያለች መግቢያ መውጫ አሳጣችኝ። እኔም ስዕሉንና ወፈር ያለ ጽሑፍ ይዤ አዲስ አበባ ወጣሁ።

ማመልከቻውን የተመለከተችልኝ የፓተንት መሥሪያ ቤቱ መርማሪ በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ነበረች። ስዕሉን ጊዜ ወስዳ አየችው።

«መምህር፣ ከዚህ ውስጥ የእርስዎ የቱ ነው?» አለችኝ።

«ሁሉም። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«መሥራቱንስ ሠርተዋል» አለችና በእርሳሷ ጫፍ ስዕሉን ትከተል ጀመር። ይሄ የመግቢያው ክፍል የቆየ ነው፤ ይሄ ማጣሪያ መማሪያ መጽሐፍ ላይ አለ፤ ይሄ ማቀዝቀዣም እንደዚያው። በትሕትና ነበር የምትነግረኝ፣ እኔ ግን በእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ክንድ ያህል የማጥር መሰለኝ። መብቱ ለስዕሉ እንደማይሰጥ አስረዳችኝ። የተጠየቀበት ነገር ከዚያ በፊት በየትም አገር ያልታወቀ መሆን አለበት፤ አዲስ መሆኑ ብቻም አይበቃም፣ የሙያው ሰው ሁሉ በቀላሉ የሚደርስበት መሆን የለበትም።

ከዚያ እርሳሷ ሁለተኛዋ ትራንዚስተር ላይ ቆመ። «ይቺስ?»

«እሷ አታጎላም።»

«ካላጎላች ምን ትሠራለች?»

እየተቻኮልኩ፣ እየተደነቃቀፍኩ አስረዳኋት። ሰማችኝና ጽሑፌን ገለባበጠች። ስለ ማጉያው ጉልበትና ስለ ዋጋው ርካሽነት ብዙ ገጽ ጽፌአለሁ፤ ስለዚህች ትራንዚስተር የጻፍኩት ግማሽ መስመር ነበር። የሌሎች አገሮች ፓተንቶች ኢንተርኔት ላይ በነፃ እንደሚገኙ ነገረችኝና እንዲህ አለችኝ፤ «ሌላ ሰው ቀድሞዎት ከሆነ ይወቁት። ካልቀደመዎት ግን የእርስዎ የሆነውን ብቻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ይምጡ።»

ሶዶ እስክገባ ድረስ አውቶቡስ ውስጥ ያቺን ግማሽ መስመር ደጋግሜ አነበብኳት።

ፍለጋውን የጀመርኩት አኩርፌ ነው። የኮሌጁ ኢንተርኔት ሲፈቅድ አነባለሁ። የጃፓን፣ የጀርመን፣ የአሜሪካ መሐንዲሶች እኔ ቦምቤ ላይ የታገልኩትን ችግር ከብዙ ዓመት በፊት ታግለውታል። አንዱማ የእኔኑ ሐሳብ የጻፈ መስሎኝ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ረጋ ብዬ ስደግመው ግን የሱ መሣሪያ ቮልቴጁን እየለካ ስምምነቱን የሚያስተካክል ሌላ ተቆጣጣሪ ያስፈልገዋል። የእኔ ምንም አይለካም። ከዚያ በኋላ ንባቡ ተለወጠብኝ። ፊቱን የማላውቀው፣ ቋንቋዬን የማይሰማ ሰው ከእኔ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አንድ ሽቦ የሚያይ መሰለኝና ደስ አለኝ።

ዓረፍተ ነገሩ ግን አልወጣ አለኝ። እህቴ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ በዓል ሶዶ መጥታ ሳለች የጻፍኩትን አነበብኩላት። ይህ አማርኛ ለእኔ አይሆንም፣ በወላይትኛ ንገረኝ አለች። ነገርኳት።

«ለምን ሌላ ዓይነት ዕቃ አልሆነም?» አለችኝ።

«ሌላ ዓይነት ከሆነ እኩል አይለወጥም። ቁም ነገሩ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው።»

ይህን ስናገር የምፈልገው ዓረፍተ ነገር እሱ እንደሆነ ገባኝ። እሷ የበዓሉን ሥጋ በሚያቃጥለው ዳጣ እያጠቀሰች ስትበላ እኔ ብዕር ፍለጋ ተነሣሁ።

ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጋር አስገባሁ፤ ምርመራው ረጅም ነበር። መርማሪዋ ይህን ማንኛውም ባለሙያ ሊያስበው አይችልም ወይ ብላ በጽሑፍ ጠየቀችኝ። ያገኘኋቸውን ሰነዶች ሁሉ ጠቅሼ መለስኩላት፤ ሁሉም የትራንዚስተሩን መለዋወጥ የሚያባርሩት ጠላት አድርገው ነው የሚያዩት፣ አንዳቸውም መለዋወጡን ራሱን ሥራ አልሰጡትም አልኩ። በመጨረሻ ለማጉያው በሙሉ የጠየቅሁት መብት ውድቅ ሆነ፤ ለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ፓተንት ተሰጠኝ። መጀመሪያ ካሰብኩት በጣም ያንሳል፤ ቢሆንም እያንዳንዷ ቃል የእኔ መሆኗን አውቃለሁ።

አሁን ከባልደረቦቼ ጋር ለጉኑኖና ለቤሌ ከተሞች ማቀባበያዎች ተመሳሳይ ማጉያ እየሠራን ነው። የጉኑኖው አያሳስበኝም። ቤሌ ግን ቆላ ስለሆነ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ሁለቱ ትራንዚስተሮች እዚያም እኩል ይለወጡ እንደሆነ ገና አላየሁም። ካልሆነ ሌላ መላ እንፈልጋለን። የቤሌው ተገጣጥሞ አልቋል፤ ነገ ጠዋት ጭኜው በቤሌ አውቶቡስ እሄዳለሁ።